የካጂታኒ ቤት አሥራ አንድ ጎራዴዎች

ሟቹ በጎኑ ተጋድሟል። ቀኝ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቶ መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቷል፤ ዕቃዬን መልሱልኝ የሚል ሰው ይመስላል። ካጂታኒ ሶይቺ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። በኦሳፉኔ መንደር ከእሱ በላይ የጥንት ጎራዴ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ለሰው ሁሉ የሚናገረው ራሱ ነበር። አሁን ከጎድን አጥንቱ ሥር በገባ አንድ ስለት ጸጥ ብሏል።

ኢንስፔክተር ኡራታ ኪኑ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ የሚያማትን ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች ሰሌኑ ላይ ተንበረከከች። ውጭ የሰኔ ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል። በክፍሉ መካከል ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አለ፤ ግራና ቀኙ ሁለት የመቀመጫ ትራሶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው ወፍራምና ሐር የለበሰ ነው፣ ሌላው ስስና የተበላ። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ አሥራ አንድ ጎራዴዎች በየሰገባቸው ተደርድረዋል።

«ሁሉንም መዝዤ አይቻለሁ» አለ ሳጅን ዶይ፤ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው ሰው ነው። «ሁሉም እንደ መስተዋት ያበራሉ፤ የቅርንፉድ ዘይት ይሸታሉ። ገዳዩ መሣሪያውን ይዞ ሄዷል ማለት ነው።»

«ወይም ጠርጎ መልሶታል።»

«ሰው ገድሎ ቁጭ ብሎ ብረት የሚወለውል ማነው?»

«ከሰው ይልቅ ብረቱ የሚያሳዝነው። ጋሽ ዶይ፣ እስቲ የሟቹን ወዳጆች ጥራልኝ።»

«ወዳጆቹን ካሉማ ማንም አይመጣም። ዛሬ እዚህ የነበሩትን ልጥራ?»

የኡራታ ዓይን ሰሌኑ ላይ ነበር። ካጂታኒ ጎራዴ ሲጠርግ ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት በቋጠረች የሐር ኳስ ስለቱን መታ መታ ያደርግ ነበር። በሐሩ ትራስ በስተቀኝ ያለው ሰሌን ከብዙ ዓመት ዱቄት የተነሣ ነጥቷል። በስተግራ ያለው ግን ቡናማ ነው፤ በላዩ ላይ ብቻ አዲስ ዱቄት በስሱ ተበትኗል።

ከዚያ ተነሥታ መደርደሪያውን በባትሪ መብራት አንድ በአንድ አየች። ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚያያዘው በአንዲት የቀርከሃ ችንካር ነው። በአሥሩ ጎራዴዎች ላይ ችንካሩ ከእንጨቱ ጋር እኩል ሆኗል። በአራተኛው ላይ ግን የሩዝ ፍሬ ያህል ወጥቷል፤ ጫፉም በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተፈልጧል።

«ይሄንን ጠቅልላችሁ ወደ ምርመራ ክፍል ውሰዱት» አለች። «እጀታውን ሲያወልቁ ግን ብረቱን ማንም እንዳይወለውለው። ማንም! አቧራ ቢያዩበት እንኳ።»

የሟቹ እህት ፉሚኤ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። ስድሳ ዓመቷ ነው፤ ባል አላገባችም፤ ከወንድሟ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖራለች። ከፊቷ አንድ ትልቅ እንስራ አለ፤ ኮምጣጣውን አረንጓዴ ፕለም እየደረደረች በመካከሉ ጨው በእፍኝ ትበትናለች። ፖሊስ ሲገባም ሥራዋን አላቆመችም።

«ዛሬም ይሠራሉ?» አለች ኡራታ።

«ፕለሙ ለቅሶ አያውቅም። ካደረ ይበሰብሳል።»

«አስከሬኑን ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ይዤ ስገባ። ከዚያ በፊት ዶክተር ኢሪዬ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ፤ እንደ ልማዳቸው ተሰዳድበው ስምንት ሰዓት ላይ ሄደ። ቀጥሎ ሞራጁ ሞሪዋኪ መጣ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ወጣ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ እንስራ አልተነሣሁም።»

«ወንድምዎን ይወዱት ነበር?»

«እህቱ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«እኔም የመለስኩት እሱን ነው።»

ኡራታ ፈገግ አለች። «ጎራዴዎቹንስ?»

«በዚህ ቤት ሴት ብረት አትነካም። ወረቀት አቀብላለሁ፣ ዘይት አቀብላለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ አርባ ዓመት።» ጨው የለበሰ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አቧራ እንኳን የሚያራግፈው ራሱ ነበር። አሁን ልጨርስ?»

ዶክተር ኢሪዬ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የሚሰበስበው ደግሞ በጎራዴ እጀታና ስለት መካከል የሚገባውን ክብ የብረት መከታ። አንዱን ሁልጊዜ በኪሱ ይይዛል፤ ሲያወራ በጨርቅ ያሻሸዋል፤ እንዲህ ሲደረግ ብረቱ ጥቁር ውበት ያወጣል ይላል። ወደ እንግዳ መቀበያው ገብቶ ኡራታን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ወንድ መርማሪ ጠፋና ነው?»

«ወንዶቹ እርስዎን ፈርተው ቀሩ። ይቀመጡ ዶክተር። ዛሬ ጎረቤት የሰማውን ስድብዎን ራስዎ ይነግሩኛል ወይስ ጎረቤቱ ይንገረኝ?»

«ምን አልኩ?»

«‹ፊርማውን ከፋቅክ እጅህን እቆርጠዋለሁ!›»

ኢሪዬ በግራ እጁ መከታውን ጠበቅ አድርጎ አሸው። «ብያለሁ። አሁንም እለዋለሁ። ያ ጅል የአባቱን ጎራዴ ሊያበላሽ ነበር! አራተኛው፣ መደርደሪያው ላይ ያለው። በግንዱ ላይ፣ እጀታ ውስጥ በሚገባው በኩል፣ የቀጥቃጩ ስም ተቀርጿል። ጎራዴ የሚገመግሙት የዋና ከተማ ዳኞች ፊርማው ሐሰት ነው፣ ሌላ ሰው ኋላ የቀረጸው ነው ብለው የምስክር ወረቀት ከለከሉት። ስሙን አስፍቆ ቢመጣ ግን ስመ-ቢስ ጥሩ ጎራዴ ብለው ይሰጡታል። ለአንድ ወረቀት! ነገ ጠዋት ነበር የሚፋቀው።»

«እርስዎ ፊርማው እውነተኛ ነው ይላሉ?»

«ሰላሳ ዓመት አልኩ። ሰላሳ ዓመት በሰው ፊት ‹ጥርስ ነቃይ ስለ ብረት ምን ያውቃል› አለኝ። ደስ ብሎኛል ልልሽ እችላለሁ። ግን አልገደልኩትም፤ ብገድለው ኖሮ አሁን ቁጭ ብዬ እኮራበት ነበር።»

ሲወጣ ሳጅን ዶይ ወደ ኢንስፔክተሯ ጆሮ ተጠጋ። «አዩት? ግራኝ ነው። ዱቄቱም በግራ ነው የተበተነው። ልያዘው?»

«ቆይ።»

«ምን ቀረን?»

«ችንካሩ» አለች ኡራታ። «እሱ አልገባኝም።»

በማግስቱ የሞሪዋኪን ዎርክሾፕ አንኳኳች። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሞራጅ በእርጥብ ድንጋዮች መካከል አጎንብሶ ተቀምጧል፤ ጣቶቹ ከውኃ ብዛት ነጥተዋል። ምን ትፈልጊያለሽ አላለም፤ በአገጩ ከፊቱ ያለውን በርጩማ አሳያት።

«ካጂታኒ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችው።

«እንኳን ጎራዴ የወጥ ቤት ቢላ አላስሞርድህም ብሎኛል፤ አሥራ ሁለት ሰው ባለበት። ትናንት እሑድ ደግሞ ጠርቶ ‹ይህን ስም ፋቅልኝ› አለኝ። ከተማ ያሉት ሞራጆች እንቢ ስላሉት ነው የጠራኝ።»

«እሺ አሉት?»

«አሮጊቴ ታማለች፤ ሥራ አልመርጥም።» ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ውኃ ረጨ። «ፊርማው ሐሰት ነው፤ ኢሪዬን አትስሚው። ቢሆንም እጄ አልወደደውም።»

ጎራዴ እንዴት እንደሚጠረግ እንዲያሳያት ለመነችው። አሮጌ ስለት አወጣ። እጀታውን በግራ እጁ ያዘ፤ ችንካሩን በትንሽ መዶሻ ገፍቶ አወጣ፤ ስለቱን ከእጀታው ነቀለ፤ በለስላሳ ወረቀት አሮጌውን ዘይት ጠረገ፤ በቀኝ እጁ ዱቄቱን መታ መታ አደረገ፤ አዲስ ዘይት ቀባ። ኡራታ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

«ግንዱን ለምን አልቀቡትም?»

«ግንድ አይወለወልም፣ አይቀባም። ጥቁር ዝገቱ የልደት ወረቀቱ ነው። ባዶ እጅም አይነካውም። ላብ ወይ ጨው ከነካው በዚህ ርጥበት ሦስት ቀን አይፈጅም፤ እንደ በርበሬ የቀላ ዝገት ያወጣል።»

«እስቲ እኔ ልሞክር።»

ሰጣት። ያየችውን ሁሉ በቅደም ተከተል አደረገች። ችንካሩ ግን ገባ ገባ አለና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በመዶሻ መታችው፤ አልሄደም። ሽማግሌው ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀባት።

«አይ ልጄ! ቀዳዳው በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ነው። አንቺ በጠባቡ አስገባሽው። እጀታውንም በቀኝ ይዘሻል። ሁሉም ነገር ተገልብጦብሻል።»

ኡራታ እጇን አየች። እውነትም እጀታው በቀኝ እጇ ነበር፤ ዱቄቱም በግራ ጉልበቷ በኩል ፈስሷል። ግራኝ አይደለችም። ስለቱን መለሰችለትና «አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች። «ዶክተር ኢሪዬ ግራኝ ነው። ችንካሩን በየት በኩል ያስገባል?»

«በሰፊው ነዋ! ቀዳዳው ለግራኝ ተብሎ አልተቦረቦረ። ሰላሳ ዓመት ጎራዴ የያዘ ሰው ዓይኑን ቢታሰር አይስተውም።»

ረቡዕ ቀትር ላይ ሁሉም በካጂታኒ የጎራዴ ክፍል ተሰበሰቡ። ኢሪዬ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሞሪዋኪ ሰሌኑ ላይ ተቀምጧል፤ ፉሚኤ በቦታዋ፣ በስሱ ትራስ ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ሳጅን ዶይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ማንም ለማንም ሰላምታ አልሰጠም።

«ቶሎ ጨርሽው» አለ ኢሪዬ። «ከዚህ ሽማግሌ ጋር አንድ አየር መተንፈስ ደስ አይለኝም።»

«እኔም ያንተ አፍ ሲከፈት ነው የሚከፋኝ» አለ ሞሪዋኪ፤ «የጥርስ ሐኪም ሆነህ።»

ኡራታ እስኪጨርሱ ጠበቀች። «ካጂታኒ የተወጋው በአባቱ ጎራዴ ነው። የምርመራ ክፍሉ በእጀታው ውስጥ የደረቀ ደም አግኝቷል። ስለዚህ ገዳዩ ከገደለ በኋላ እዚህ ተቀምጦ፣ እጀታውን አውልቆ፣ ስለቱን ጠርጎ፣ ቀብቶ፣ መልሶ ሰቅሎታል። ለሳጅን ዶይ ‹ይህን የሚያደርግ ከሰው ይልቅ ብረቱ የሚያሳዝነው ሰው ነው› አልኩት። ልክ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ብቻ ነው ብዬ ቆጠርኩ። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ።»

ኢሪዬ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ዱቄቱ በትራሱ ግራ ነበር የፈሰሰው። ያ ሰው እጀታውን በቀኝ፣ ዱቄቱን በግራ ይዟል። ግራኝ ነው አልን፤ ዶክተሩም ግራኝ ነው። ችንካሩ ግን በጠባቡ በኩል ነው የገባው። አልሄድ ሲል በመዶሻ ተደብድቧል። ግራኝም ሆነ ቀኝ፣ ጎራዴ በእጁ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ታዲያ ወረቀቱን፣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ቅደም ተከተሉን አንድ ሳይቀር የሚያውቅ፣ ግን በእጁ አንድ ቀን እንኳ ያልያዘ ሰው ማነው? ሰኞ ዕለት እኔ ራሴ ሆንኩት። አቶ ሞሪዋኪ ሲሠሩ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አየሁ፤ ከዚያ ስሞክር ሁሉንም ገልብጬ ሠራሁት። የእሳቸው ቀኝ ለእኔ ግራ ነበርና።»

ማንም ወደ ስሱ ትራስ መዞር አልፈለገም፤ ግን ሁሉም ዞሩ።

«ይህ ሐሳብ ብቻ ነው» አለች ፉሚኤ። «ፍርድ ቤት በሐሳብ አይፈርድም።»

«አይፈርድም» አለች ኡራታ፤ ጨርቁንም ገለጠችው።

ጥቁሩ ግንድ በብርሃኑ ታየ። በላዩ ላይ የቀጥቃጩ ስም ከላይ ወደ ታች ተቀርጿል። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ እስከ መጨረሻው፣ በቅርጹ ውስጥና በዳር በዳሩ፣ ትኩስ ቀይ ዝገት ወጥቷል። በታች በኩል የጣት ጫፍ መስመሮች አንድ በአንድ ይታያሉ።

«ጨው ነው» አለች ኡራታ ቀስ ብላ። «የዚያን ዕለት በዚህ ቤት እጁ ጨው ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሻራውን አመሳክረናል፤ የቀኝ አመልካች ጣትዎ ነው። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ስለቱን ያን ያህል ተጠንቅቀው ጠርገው፣ ግንዱን ለምን በጣትዎ ነኩት? ለዚያውም በድንገት አይደለም፤ ፊደሉን ተከትለው ነው የሄዱት።»

ፉሚኤ ወደ ጎራዴው አየች። 

«በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለች። «ሶይቺ ወታደር ሄዶ ገና አልተመለሰም ነበር። የውጭ ወታደሮች ቤት ለቤት እየዞሩ ጎራዴ ይሰበስቡ ነበር። አባቴ ይህን ከፍራሼ ሥር አስገብቶ ‹ታመሻል፣ ተኚ› አለኝ። አንድ ግዙፍ ወታደር ገብቶ እጁን ግንባሬ ላይ አደረገ። ጀርባዬን እየቆረቆረኝ አልተነቃነቅኩም። ሄዱ። ማታ አባቴ እጀታውን አውልቆ ጣቴን ያዘና በፊደሎቹ ውስጥ አስኬደው። ትምህርት ቤታችን ተቃጥሎ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት ፊደል ይህ ነው።»

«ከዚያ ሶይቺ መጣ» አለ ሞሪዋኪ፣ ሳያስበው።

«መጣና የበኩር ልጅ ሆነ። ‹እጅሽ ጨው አለው፣ አትንኪ።› ሃምሳ ዓመት። እሑድ አንተን ከሸኘ በኋላ ጠራኝ። ከመፋቁ በፊት የፊርማውን ቅርጽ በወረቀት ላይ ገልብጦ እጀታውን መልሶ ነበር። ‹የአባታችንን ውሸት ነገ እናጥበዋለን› ብሎ ሳቀና ሣጥን ሊያነሣ ዞረ። ከሰገባው የወጣውን ጎራዴ አነሣሁት። ይዤው ልውጣ ነበር ያሰብኩት፤ ወዴት እንደሆነ እንጃ። ዞሮ አየኝ። እጁን ዘርግቶ ‹አስቀምጪ! እጅሽ ጨው አለው!› እያለ መጣብኝ።» ትንፋሿን ሳበች። «እኔ ወደ ፊት አልሄድኩም። ግን ወደ ኋላም አላልኩም። ማለት እችል ነበር።»

«ፊርማው ግን እውነተኛ ነው!» አለ ኢሪዬ ድንገት። «ለእውነተኛ ነገር ነው ያደረገችው። ይህን ጻፊ!»

ፉሚኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ምሕረት አልነበረም። «ሐሰት ነው ዶክተር። አያቴ ነው ያስቀረጸው። አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። አንተ ሰላሳ ዓመት ሙሉ የጮኽከው በባዶ ነው።»

ኢሪዬ መከታውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ጃንጥላውን አንሥቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ሳጅን ዶይ ጎራዴውን መልሶ ሊጠቀልል ሲል ፉሚኤ ተነሣች። የተናደደች አትመስልም፤ አሁን ብቻ ፈርታለች።

«አቶ ሞሪዋኪ፣ ያ ቀዩ ነገር... ይስፋፋል?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየ። «ጨው ነው፤ ይበላል። ዛሬ በጥጥና በቀንድ ፍቆ ማስለቀቅ ይቻላል። ከከረመ ግን ፊደሉን ይዞት ይሄዳል።»

«እንግዲያው አስለቅቅልኝ። አሁኑኑ። አድርጌዋለሁ ብያለሁ እኮ፣ እፈርማለሁ!» ወደ ኡራታ ዞረች። «እባክሽ እህቴ። ታስሬም አልከራከርሽም። እሱ ብቻ ይጠረግ።»

ሞሪዋኪም ኡራታን አያት። እጁ ወደ ቦርሳው ገብቶ ነበር፤ የጥጥ ጥቅሉ ጫፍ ብቅ ብሏል።

ኡራታ ያን ቀይ መስመር እስከ ታች ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። «ማስረጃ ነው» አለች። «ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ማንም አይነካውም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ዓመት። ምናልባት ሁለት።»

ዶይ ጨርቁን አጣጥፎ በገመድ አሰረው፤ በቋጠሮው ላይ የሰም ማኅተም አደረገበት። ከዚያ ሴትዮዋን በክርኗ ይዞ በዝናቡ ውስጥ ወደ መኪናው ወሰዳት፤ ሞሪዋኪም ጥጡን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።